ቤት ሲሸጥ ምን ይቀራል፣ ምን ይወሰዳል? ስለ ወለል፣ ስለ ተገጣሚ ዕቃና ስለ ግቢ ዛፍ የሚነሣ ክርክር

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ቤት ሲሸጥ ገዥና ሻጭ አጥብቀው የሚነጋገሩት ስለ ዋጋው፣ ስለ ይዞታ ማረጋገጫው፣ ስለ ቀብዱና ስም ስለሚዛወርበት ቀን ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ የተነጠፉት፣ የተገጠሙትና በግቢው የተተከሉት ነገሮች ለማን እንደሚሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ክርክሩ የሚፈነዳው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ፣ ቁልፍ ከመረካከቡ በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ሻጩ የውሃ ማሞቂያውን ሲፈታ፣ የወጥ ቤቱን ካቢኔት ሲነቅል፣ ላሜኔቱን ሲያነሣ ወይም የግቢውን ባሕር ዛፍ ሲያስቆርጥ ገዥው ይደርስና፣ አንዱ «ቤት እንጂ ዕቃ አልሸጥኩም» ሲል ሌላው «ያየሁትን ነው የገዛሁት» ይላል።

ሁለቱም ቅን ሆነው ሊከራከሩ መቻላቸው ጉዳዩን በጥሞና መመርመር የሚያስፈልገው ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ቢኖረውም የመልሱን አንድ ትልቅ ክፍል ለልማድ ትቶታል፤ ልማዱ ደግሞ በእበት ለተለቀለቀ ወለልና ለጭቃ መደብ የጸና እንጂ ለሴራሚክ፣ ለላሜኔትና ለውሃ ማሞቂያ ገና ያልረጋ በመሆኑ፣ በሕጉና በልማዱ መካከል የቀረውን ክፍተት አስተማማኝ አድርጎ የሚሞላው ከቀብድ በፊት በጽሑፍ የሰፈረ የዕቃ ዝርዝር ነው።

▪️ መሬቱ ሳይሸጥ ቤቱ ሲሸጥ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የሕዝብና የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ መሬት በግል አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህንኑ አጽንቶታል። ይኸው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህም መብት የመሸጥን፣ የመለወጥንና የማውረስን መብት እንደሚጨምር ይደነግጋል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለያዝነው ጉዳይ መሠረት ነው። በገበያው የቦታው አቀማመጥ፣ ለአስፋልት ያለው ቅርበትና የግቢው ስፋት ዋጋውን የሚወስኑ ቢሆኑም፣ በሕግ ዓይን ሻጩ የራሱ አድርጎ የሚሸጠው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ በሩንና በግቢው ላይ ያፈራውን ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። መሬት በሚሸጥበት አገር ወለል ቢነቀል ገዥው ትልቁ ንብረት፣ መሬቱ፣ በእጁ ይቀራል፤ በኢትዮጵያ ግን ከቤቱ የሚነቀለው ነገር ከተሸጠው ንብረት ከራሱ ላይ የሚቀነስ በመሆኑ፣ ክርክሩን እንደ ትንሽ ነገር ማየት ተገቢ አይደለም።

▪️ ሕጉ የሚለያቸው ሁለት ነገሮች

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ንብረት በሚናገረው ክፍሉ ከአንቀጽ 1131 እስከ 1139 ድረስ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው «የማይነጠል አካል»፣ ሁለተኛው «ተጓዳኝ ዕቃ» ተብለው ይጠራሉ።

የማይነጠል አካል በአንቀጽ 1132 መሠረት በሁለት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው በልማድ የአንድ ነገር ክፍል ተደርጎ የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ከዋናው ነገር ጋር በግዙፍ ተያይዞ ዋናውን ሳያፈርስ ወይም ሳያበላሽ ሊለያይ የማይችል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዋናውን ንብረት የሚመለከት ውል ሁሉ ስለሚያጠቃልለው፣ ቤት ሸጥኩ ያለ ሰው በውሉ ላይ ባይጠቅሰውም እርሱንም ሸጧል።

ተጓዳኝ ዕቃ ደግሞ በአንቀጽ 1136 እንደተተረጎመው፣ የንብረቱ ባለቤት ወይም በአላባ የያዘው ሰው፣ ማለትም ባለቤት ሳይሆን የመጠቀም መብት የተሰጠው ሰው፣ ለዋናው ነገር አገልግሎት በቋሚነት የመደበው ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ሳይሰበርና ሳያፈርስ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም የተመደበው ለቤቱ ጥቅም ስለሆነ፣ አንቀጽ 1135 አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዋናውን የሚመለከት ውል ተጓዳኙንም እንደሚጨምር ያዝዛል። አንቀጽ 1137 አክሎ ዕቃው ለጊዜው ከቦታው ቢነሣ ተጓዳኝነቱን እንደማያጣ ስለሚገልጽ፣ ለጥገና ተፈትቶ ጓዳ የተቀመጠ የውሃ ማሞቂያ ተፈትቷል ተብሎ ብቻ የሻጩ የግል ዕቃ አይሆንም።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች ለሻጭም ለገዥም እኩል የሚጠቅም አንድ ትምህርት ይወጣል፤ ይኸውም ውሉ ስለ ተጓዳኝ ዕቃ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ጥርጣሬው ወደ ገዥው የሚያደላ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚወስደው ዕቃ ያለው ሻጭ ዝም ማለቱ ራሱን ይጎዳል፤ እንዲቀርለት የሚፈልገው ዕቃ ያለው ገዥም ቢሆን ዕቃው ከሁለቱ መደብ በየትኛው እንደሚወድቅ በማስረዳት እንዳይደክም ማስጻፉ ይበጀዋል።

▪️ ልማዱ ለየትኛው ቤት የጸና ነው?

በጎጃም ደጋ ለረጅም ዘመን የኖረው ቤት ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ ተደልድሎ በእበት የሚለቀለቅ፣ መቀመጫውና መኝታው ከዚያው ከጭቃ የተሠራ መደብ፣ ክዳኑም አስቀድሞ ሣር ኋላም ቆርቆሮ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጥያቄው በአመዛኙ በነገሩ ተፈጥሮ ይመለሳል፤ መደቡና ወለሉ አፈር ስለሆኑ የሚወስዳቸው የለም፣ እንስራው፣ ምጣዱ፣ ሌማቱና አልጋው ደግሞ የቤተሰቡ ጓዝ መሆናቸውን ማንም አይጠይቅም። አከራካሪ ሊሆን የሚችለው በእጅ የተጠረበው መዝጊያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ያለ እርሱ ቤቱ ቤት ስለማይባል ይቀራል።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ የሚሠራው የብሎኬት ቤት ግን ሌላ ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ፓርኬ ወይም ላሜኔት ይሆናል፤ ኮርኒስ፣ የብረት ግሪል፣ የአሉሚኒየም መስኮት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ግድግዳ ውስጥ የገባ ቁም ሳጥን፣ አሸንዳ፣ ሮቶ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና ዲሽ ይኖሩታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተስፋፉ ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ አንዳንዶቹም በመፍቻ ብቻ የሚለቀቁ በመሆናቸው ሻጭን ለመውሰድ ይገፋፋሉ፤ ሕጉ መለኪያ እንዲሆን የጠራው ልማድ ስለ እነርሱ የሚናገረው ግን ገና ጥቂት ነው።

▪️ ወለሉ

ወለልን በሚመለከት መልሱ እንደ ንጣፉ ዓይነትና እንደ አነጣጠፉ ይለያያል።

ሊሾ፣ ማለትም በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል፣ ከቤቱ ተለይቶ ሊታሰብ ስለማይችል የማይነጠል አካል መሆኑ አያጠራጥርም። በሲሚንቶ ወይም በማጣበቂያ የተያዘ ሴራሚክም እንዲሁ ነው፤ ሲነቀል ራሱ ከመሰባበሩም በላይ ከሥሩ ያለውን ሊሾ ይዞ ስለሚነሣ፣ የአንቀጽ 1132 «ሳያበላሽ ሊለያይ የማይችል» የሚለው መለኪያ በሁለቱም ወገን ይሟላል። ፓርኬ፣ ማለትም ጎን ለጎን እየተደረደረ በማጣበቂያ የሚያያዝ የእንጨት ንጣፍ፣ አንዳንዱ ቁራጭ በደህና ሊወጣ ቢችልም ወለሉን አቁስሎ ስለሚወጣና በልማድም ወለል ተብሎ የሚጠራው እርሱ ራሱ ስለሆነ ከቤቱ ጋር ይቀራል።

አስቸጋሪው ላሜኔት ነው። ላሜኔት ከታች በሚነጠፍ ስስ ስፖንጅ ላይ ቁራጮቹ እርስ በርስ እየተቆላለፉ የሚዘረጋና ከሊሾው ጋር በማጣበቂያ የማይያዝ በመሆኑ፣ የጠርዙ ከፈፍ ከተነሣ በኋላ ቤቱን ሳይጎዳ ሊለቀም ይችላል። በመያያዙ ብቻ ቢመዘን የማይነጠል አካል ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን በክፍሉ ልክ ተቆርጦ የገባ፣ ባለቤቱም ለቤቱ በቋሚነት ያዋለው ስለሆነ ቢያንስ ተጓዳኝ ዕቃ የመሆኑ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ተጓዳኝ ከሆነ ደግሞ በውሉ ላይ ካልተነሣ ጥርጣሬው ለገዥው ይተረጎማል። ከግድግዳ ግድግዳ ተለክቶ የተለጠፈ ሞኬትም በዚሁ መንገድ ይታያል።

ከዚህ በተቃራኒ በደጋው ብርድ የሊሾውን ቅዝቃዜ ለመከላከል ሳይጣበቅ የሚዘረጋው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ እንዲሁም ስጋጃ፣ ተጠቅልሎ ከባለቤቱ ጋር ወደሚቀጥለው ቤት የሚሄድ ዕቃ ስለሆነ፣ ተለይቶ ካልተሸጠ በቀር የሻጩ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላ አደጋ አለ፤ ምንጣፉ ሲነሣ የተሰነጠቀ ሊሾ ወይም እርጥበት የያዘ ወለል ከሥሩ ሊገለጥ ይችላል። አንቀጽ 2287 ሻጭ የተሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ገዥም ግልጽ የሆነውን ጉድለት መርምሮ የማየት ግዴታ ስላለበት፣ ምንጣፍ አስነሥቶ ማየትን እንደ ነውር ሳይቆጥር ከቀብድ በፊት ቢያደርገው ሁለቱንም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናቸዋል።

ከወለል ሳይወጡ መጠቀስ ያለበት ሌላ ጉዳይ ለመጠገኛ ተብሎ የተቀመጠው ትርፍ ሴራሚክ ነው። ተመሳሳይ ቀለምና መጠን ያለው ሴራሚክ ከዓመታት በኋላ በገበያ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ጓዳ ውስጥ የቀረው ካርቶን ለሻጩ ብዙም የማይጠቅም ሲሆን ለገዥው ግን የተሰበረውን ለመተካት ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እንዲቀር ማስጻፍ ቀላል ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ነው።

▪️ በር፣ ቧንቧ፣ መብራት

በር፣ መስኮት፣ ግሪል፣ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስና አሸንዳ በልማድም በመያያዝም የቤቱ አካል ናቸው። በግድግዳ ውስጥ ያለፈ የመብራት መስመር፣ ሶኬት፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ እንዲሁም ቧንቧ፣ የመጸዳጃ መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ በዚሁ መደብ ይገባሉ። የውሃ ማሞቂያ፣ ከመሠረት ላይ የተቀመጠ ሮቶና የውሃ መሳቢያ ሞተር በመፍቻ የሚለቀቁ ቢሆኑም ለቤቱ አገልግሎት የተመደቡ ስለሆኑ ተጓዳኝ ዕቃዎች ናቸው ለማለት ሚዛኑ ያጋድላል። በልክ የተሠራ የወጥ ቤት ካቢኔት ግድግዳውን ይዞ የቆመ ከሆነ ወደ ቤቱ፣ ለብቻው የሚቆም ቁም ሳጥን ከሆነ ወደ ሻጩ ይሄዳል። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ቴሌቪዥንና መጋረጃ የሻጩ ጓዝ ናቸው፤ የዲሹ ሳህን፣ የመጋረጃው ዘንግና የሳሎኑ ጌጠኛ መብራት ግን ሁለቱም ወገን በቅንነት የየራሱ አድርጎ ሊያስባቸው የሚችል በመሆናቸው ስማቸው መጻፍ ያለበት እነርሱ ናቸው።

የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ለብቻው ይታያል። ቆጣሪው ከአገልግሎት ሰጪው ተቋም ጋር በተደረገ የደንበኝነት ውል የተገጠመ ስለሆነ፣ ሻጭ ነቅሎ ሊወስደው አይገባም፤ የሚገባው ያልተከፈለ ሂሳብ አጣርቶ የደንበኝነቱ ስም ወደ ገዥው እንዲዛወር ማድረግ ነው።

የተከራይ ዕቃም በጥንቃቄ መለየት አለበት። ተጓዳኝነት የሚፈጠረው በባለቤቱ ወይም በአላባ በያዘው ሰው ፈቃድ ስለሆነ፣ ተከራይ በገንዘቡ ገዝቶ ያቆመው ሮቶ ወይም የዘረጋው ላሜኔት ከቤቱ ጋር አይሸጥም፤ በሲሚንቶ ያስነጠፈው ሴራሚክ ግን ከቤቱ ጋር ስለተዋሐደ ተከራዩ ሊነቅለው አይችልም፤ የገንዘብ ጥያቄ ካለው ለባለቤቱ ያቀርባል።

▪️ የግቢው ዛፍና የፈረሰ ቤት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሕር ዛፍና ጌሾ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል፤ ባሕር ዛፉ ለግድግዳና ለማገር፣ ለማገዶና ለሽያጭ የሚውል፣ ጌሾውም ለጠላና ለጠጅ የሚፈለግ በመሆኑ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። አንቀጽ 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬት እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ የማይነጠል አካል እንደሆኑ፣ እንዲለዩ የሚያደርግ ውል ከተደረገባቸው ግን ራሳቸውን እንደቻሉ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች እንደሚቆጠሩ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ግቢው ከተሸጠ በኋላ ሻጭ ተመልሶ ባሕር ዛፉን ሊያስቆርጥ አይችልም፤ ነገር ግን ከቤቱ ሽያጭ በፊት ዛፉ በቁሙ ለነጋዴ ተሽጦ ከሆነ ነጋዴው በውሉ መሠረት ይጠይቃልና፣ ገዥው «ዛፉ በቁሙ የተሸጠለት ሰው አለን?» ብሎ መጠየቅ፣ ሻጩም አለመኖሩን በውሉ ላይ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በገጠር ደግሞ ቤት ፈርሶ እንጨቱና ቆርቆሮው እንዲወሰድ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሽያጭ በሚናገረው ክፍሉ በአንቀጽ 2268 ከሕንፃ ተለይተው ለገዥው የሚተላለፉ ነገሮች፣ ከነዚህም የሚፈርስ ቤት ዕቃ፣ ሽያጫቸው እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ እንደሚታይ ስለሚደነግግ፣ እዚህ ቆርቆሮውና በሩ ራሳቸው የሽያጩ ዋና ጉዳይ ይሆናሉ። አንድ ቆርቆሮ በአንዱ ውል የቤት አካል፣ በሌላው ራሱን የቻለ ሸቀጥ የሚሆነው ተዋዋዮቹ በፈቀዱት መሠረት ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ የውሉ ይዘት ነው።

▪️ በሌሎች አገሮች

ልማድን መለኪያ ማድረግ የኢትዮጵያ ሕግ ብቻ መንገድ አይደለም፤ በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግም የአንድ ነገር ክፍል የሚባለውን በአካባቢው ዘንድ በተለመደው አስተሳሰብ ይመዝናል። በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ለርስቱ አገልግሎት የመደበውን ሁሉ፣ የእርሻ በሬን ሳይቀር፣ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ጋር ይቆጥር ነበር፤ ጎጃም ውስጥ ቤት ሲሸጥ በሬው አብሮ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ስለማይኖር፣ ይህ ልዩነት ጉዳዩ ምን ያህል በየአገሩ ልማድ እንደሚወሰን ያሳያል። በእንግሊዝ በ1996 እ.ኤ.አ. ባንክ በተረከበው ቤት ላይ በተነሣ ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የወጥ ቤት ካቢኔቶችና የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች የቤቱ አካል ሲሆኑ በልክ የተነጠፈ ምንጣፍና መጋረጃ ግን እንዳልሆኑ ወስኗል፤ በዚያ አገር ቤት የሚሸጥ ሰው የሚቀረውንና የሚወስደውን ዕቃ በየክፍሉ የሚመዘግብበት የተዘጋጀ ቅጽ ሞልቶ ለገዥው መስጠትም የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ቅጽ በኢትዮጵያ ቢለመድ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ወረቀትና ጥቂት ጊዜ ነው።

▪️ ምን፣ መቼና እንዴት ይጻፍ?

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በአንቀጽ 2877 መሠረት በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። በሌላ በኩል አንቀጽ 2005 የጽሑፍ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ያዘው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን ስለሚደነግግ፣ «ሮቶውን እተውልሃለሁ ብሎኝ ነበር» የሚለው የቃል ክርክር ከውሉ ጽሑፍ ፊት ደካማ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው ብሂል ከሕጉ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሚሆን፣ አንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ስለሚደነግጉ፣ ከቀብድ በኋላ የሚነሣ የዕቃ ጥያቄ ሁለቱንም ገንዘብ በሚያሳጣ ግፊት ውስጥ ይከታቸዋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ከቀብድ በፊት ተዘጋጅቶ የውሉ አባሪ ቢሆንና የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል፦

1. የየክፍሉ ወለል ዓይነትና ሁኔታ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተነሣ ካለ እርሱም፤
2. ከቤቱ ጋር የሚቀሩ ተገጣሚ ዕቃዎች፦ ማሞቂያ፣ ሮቶ፣ ሞተር፣ ካቢኔት፣ ቁም ሳጥን፣ ዲሽ፣ ጌጠኛ መብራት፤
3. ሻጩ የሚወስዳቸው ዕቃዎችና ሲወስድ የሚተወውን ቀዳዳ ወይም ጉዳት የሚጠግነው ማን እንደሆነ፤
4. የግቢው ዛፎችና ጌሾ፣ በቁም የተሸጠ አለመኖሩ፤
5. የተከራይ ወይም የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ዕቃ ካለ፤
6. የቆጣሪ ንባብ፣ የቀሪ ሂሳብ ከፋይና ርክክቡ የሚፈጸምበት ቀን።

በዚያው ቀን የየክፍሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሁለቱም ወገን እጅ ቢቀመጥ ዝርዝሩን ያጠናክረዋል። ደላላ ካለም ገዥውን ሲያስጎበኝ የተናገረው ሁሉ በዝርዝሩ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የደላላ ቃል ሻጩ ካልፈረመበት ሻጩን ማሰሩ አጠራጣሪ ነውና።

▪️ ክርክሩ ከተነሣ በኋላ

በጎጃም እንዲህ ያለ ክርክር መጀመሪያ የሚቀርበው ለሽማግሌ ነው፤ ጎረቤት የሆኑ ወይም በዝምድና የሚተዋወቁ ሰዎችን ሳያቆራርጥ የሚፈታ በመሆኑም መንገዱ መልካም ነው። ሽማግሌዎቹ ያስማሙበት ነገር ግን ተጽፎ ቢፈረም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3307 ወገኖች የየራሳቸውን ትተው ክርክርን የሚጨርሱበትን ስምምነት እንደ ውል ተቀብሎ፣ በአንቀጽ 3312 በተስማሚዎቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያለው ኃይል ይሰጠዋልና።

ዕርቅ ካልሆነ ገዥው አንቀጽ 2274ን መሠረት አድርጎ የተሸጠው ነገር ከነተጓዳኙ እንዲሰጠው ወይም ዋጋው እንዲተካ ሊጠይቅ ይችላል፤ የመንቀሉ ሥራ ገና በመካሄድ ላይ ከሆነም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት ንብረቱ እንዳይበላሽ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ማመልከት ይችላል። ሻጭም በበኩሉ ወለል ሰብሮ ያወጣው ሴራሚክ ለእርሱ ፍርስራሽ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለገዥው የሙሉ ወለል ወጪ የሚያስከፍለው ዕዳ እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባል።

ቤት ለአብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው የሚያፈራው ትልቁ ንብረት ነው፤ ሻጩ የድካሙን ዋጋ፣ ገዥው የቁጠባውን ፍሬ የሚያገኝበት ይህ ውል በአንድ ማሞቂያና በጥቂት ካሬ ላሜኔት ምክንያት ወደ ጠብ መለወጥ የለበትም። ለአዲሱ ወለል፣ ለቧንቧውና ለካቢኔቱ የሚሆነው ልማድ ገና በመፈጠር ላይ ያለ በመሆኑ፣ ዛሬ በደብረ ማርቆስ የሚዋዋሉ ሰዎች በየውላቸው የሚያስጽፉት ዝርዝር የራሳቸውን ሽያጭ ከመጠበቅ አልፎ፣ ነገ ዳኛና ሽማግሌ የአካባቢው ልማድ ብለው የሚጠቅሱትን ይሠራል፤ ውል የሚጽፉ፣ የሚያዋውሉና የሚያማክሩ ሁሉ ይህን ዝርዝር ከውሉ የማይቀር ክፍል ሊያደርጉት ይገባል።